ለእንግዳ የተዘጋጀ ክፍል

ጡረታ ስትወጪ ሆድሽ ይባባል ያሉኝ ብዙ ናቸው። አቦ ተዉኝ! የቢሮውን ቁልፍ መልሼ፣ 31 ሜይ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የተሰማኝ እፎይታ ነው። በማግስቱ ሱብሂ ሰግጄ ተመልሼ ተኛሁና እስክጠግብ አልተነሳሁም። ልጄ በር ቆርቁራ "እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። "አላመመኝም፣ ተገላገልኩ" ብያት ወደ ሌላኛው ጎኔ ዞርኩ።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ራሱ አንድ ሥራ ነበር። ጎረቤቶቼ እስከዛሬ የሚያውቁኝ አስተማሪ ነች ብለው ነው። መጀመሪያ ላይስ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራዬ የትምህርት ጥራት የሚመረምር ቢሮ ውስጥ ነበር። ሀርጌሳ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቋንቋ ሲያስተምሩ፣ እንግሊዝኛም ይሁን ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛም ይሁን አማርኛ፣ ተማሪው እውነት እየተማረ መሆኑን ሄዶ ማየት፤ ከዚያ ይቀጥል፣ ይታረም ወይም ይዘጋ ብሎ ሪፖርት መጻፍ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ቁጭ ብላ አስተማሪውን በላብ የምታጠምቀው ሴትዮ ማለት እኔ ዘሃራ ነኝ።

በአማርኛ የምጽፈው ድሬዳዋ ስላደግኩ ነው። የሀርጌሳ ሰው ልጅ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን ድሬ ነው። እዚህ ተመልሼ ቢሮ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ከባለቤቴ ጋር በሶማሊኛ ተጨቃጨቅኩ፣ አላህን በዓረብኛ ለመንኩ። ሰው ማማት ሲያምረኝ ግን የሚመጣልኝ አማርኛ ነው። ዛሬ ደግሞ በጣም አምሮኛል።

ስለ ደሞዙ ዝም ማለት ይሻላል። ስለ አለቆቼም ብዙ አልልም። አንዱ ማኅተም ይወድ ነበር፤ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ካየ ምግብ አይበላለትም። ተከትሎት የመጣው ደግሞ ሪፖርት ከአንድ ገጽ ከበለጠ አያነብም፤ አንድ ገጽ ከሆነም የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው የሚያየው። ይህችን የመጨረሻ መስመር ያዝልኝ አንባቢ ሆይ፣ ብዙ ነገር አበላሽታለች።

ሥራውን ያስተማሩኝ መዓሊን ጃማ ናቸው። መዓሊን እኛ ዘንድ መምህር ማለት ነው። ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ረጅም፣ ጅቡቲ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። አላህ ይርሐማቸው። አብሬያቸው የወጣሁ የመጀመሪያው ቀን ባጃጁን ከዩኒቨርሲቲው በር ራቅ አድርገው አስቆሙና በእግራችን ገባን። ወደ ፋኩልቲው ዲን ቢሮ የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሻይ የምትሸጥ ሴት ጋ ሄደው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ማንንም ምንም አልጠየቁም። ሻያቸውን እየጠጡ ተማሪዎቹ እርስ በርስ በምን ቋንቋ እንደሚቀላለዱ፣ የተማሩትን ቋንቋ ለቀልድ ይጠቀሙበት እንደሆነ ሰሙ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ።

"መዓሊን፣ ዲኑ እየጠበቀን ነው" አልኳቸው።

"ዲኑን ካየን በኋላ እንግዳ ነን" አሉኝ። "እንግዳ ደግሞ ምንም አያይም። ጠጪ።"

ምሳም አይበሉም ነበር። ሀርጌሳ ላይ ለእንግዳ የቀረበ ሩዝና የግመል ሥጋ አልበላም ማለት ሰው ፊት ላይ በር እንደ መዝጋት ነው። ስለዚህ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን አኮማትረው "ሐኪም ከልክሎኛል" ይላሉ። ሆዳቸው ምንም አልነበረበትም! ሪፖርቱን ካስረከቡ በኋላ ቤታቸው ጠርተውኝ ሲበሉ አይቻለሁ፤ ከሳህኑ ላይ ለኔ የተረፈልኝ አጥንት ነበር።

ክፍል ውስጥ ሲገቡ አስተማሪውን አያዩም። የሚያዩት የተማሪውን አፍ ነው። የሚፈልጉት ደግሞ ስህተት ነው። መጀመሪያ ይህ ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ነው የገባኝ። የእኛ ልጆች ዱግሲ፣ ማለትም ቁርኣን ቤት ያለፉ ናቸው፤ አንድ ገጽ አንድ ሁለቴ ከሰሙ ይይዙታል። አንድ አስተማሪ ገበያ ላይ የሚደረግ ንግግር አስጠንቶ በእንግሊዝኛ በቃላቸው ቢያስወርዳቸው አንዲት ቃል አትወድቅም። እኔ አፌን ከፍቼ ሳደንቅ መዓሊን ጃማ ታግሠው ይቆዩና አንዱን ተማሪ "ዛሬ ጠዋት ስትመጣ መንገድ ላይ ምን አየህ?" ይሉታል። ያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ። ያልተጠና ነገር ነዋ! ሌላ ክፍል ደግሞ ንግግሩ ሁሉ የተወለጋገደ፣ ነገር ግን መንገድ ላይ ያየውን ለመናገር እየታገለ፣ እየወደቀ እየተነሳ የሚቀጥል ልጅ ያገኛሉ። በዚያ ጊዜ ጢማቸውን መዳበስ ይጀምራሉ፤ ደስ ሲላቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። "የማይሳሳት ክፍል ካየሽ ዘሃራ፣ ሌላ ክፍል ፈልጊ" ይሉኝ ነበር። ይህችን ምክር እሳቸውም አንድ ቀን ሳይሠሩባት ቀሩ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ስሙን አልጠራም። ስንሄድ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ተሰድሮ፣ ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ ተቀምጦ ጠበቀን። ከፊት የተቀመጡት ጥቂት ልጆች ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ ጠጥተውታል። መዓሊን ጃማ የጠዋቱን ጥያቄ ጠየቁ፤ ልጆቹ ሳይደናገጡ መለሱ፣ ቀልድ ሁሉ ጨመሩበት። ሽማግሌው ግን ጢማቸውን አልነኩም። "የጅቡቲ ልጆች ናቸው" አሉኝ በጆሮዬ። "ይህን እዚህ አልተማሩትም፣ ይዘውት ነው የመጡት።" ከኋላ ያሉትን ጠየቁ። ከኋላ ያሉት ወንበር እንዲሞሉ ከሌላ ዲፓርትመንት የመጡ ኖሯል፤ ሰላምታም አያውቁም።

መዓሊን ጃማ ተናደዱ። ያየነውን እንዳለ ጻፍን፤ የታየን ክፍል የሚማረው ክፍል አይደለም፣ የሚማረውን ማየት አልቻልንም አልን። የመጨረሻዋ መስመር ይህችው ነበረች። አለቃችን እሷን አንብቦ፣ የሚማር የለም ማለት ነው ብሎ ትምህርቱን አዘጋው።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ ቢሮ መጣች። ሂባቅ ነው ስሟ። በሩ ላይ ቆማ መዓሊን ጃማን በፈረንሳይኛ አናገረቻቸው። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ግን እየተደነቃቀፈች፣ ቃል እየፈለገች፣ ሲጠፋባት በእጇ እየጨረሰች እንደምትናገር አየሁ። የእኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁ። በኋላ ነገሩኝ ያለችውን። "የመጣችሁ ቀን እቤት ቁጭ በሉ ተብለን ነበር። ሌላ ሰው በወንበራችን ተቀመጠ። እኔን ማን ጠየቀኝ?" ነው ያለችው።

መዓሊን ጃማ ያልሄዱበት ቢሮ የለም። ዳግም እንመልከተው ብለው ለመኑ። ውሳኔ ተሰጥቷል ተባሉ። ሂባቅ እህቷ ሱቅ ውስጥ ሽቶ መሸጥ ጀመረች፤ እሳቸው በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ። "ያየነውን ጻፍን፣ ያላየነውን ሳንፈልግ" አሉኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም። ሞተው ቀብራቸው ላይ የቆምኩ ዕለት እንኳ ያችን ልጅ ነበር የማስበው። እንዴት እንዳንገበገበኝ!

ጡረታዬ ሲቃረብ የመጨረሻ ሥራ ተሰጠኝ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ አማርኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ያስተምራል። ሀርጌሳ ላይ አማርኛ ለምን አትበሉኝ። ዕቃ ከኢትዮጵያ የሚያመጣ ነጋዴ አለ፣ ዘመዱን ይዞ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የሚሄድ አለ፣ ድንበር ላይ ጉምሩክ የሚሠራ አለ። ዩኒቨርሲቲው ግን ተማሪው ጥቂት ነው፣ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል ብሎ ወደ እኛ መርቶታል። አስተማሪዋ አንዲት ብቻ ናት፤ ብርቱካን ትባላለች፣ የደሴ ልጅ፣ አማርኛ ማስተማር በዲግሪ የተማረች። ዳሚ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ትምህርቱ ከተዘጋ ሥራዋም የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ ይሄዳል። ሊመረቁ የተቃረቡት ተማሪዎቿ ደግሞ ሌላ ትምህርት ከሀ መጀመር አለባቸው።

ዲኑ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ፣ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም። "ኤዶ ዘሃራ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሁሉም ተዘጋጅቷል" አለኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ተዘጋጅቷል ሲል የፈረንሳይኛው ክፍል ትዝ አለኝ።

ክፍሉ ተጠርጓል። ወንበሩ ተሰድሯል። ውሃው ታሽጎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ያ ረቢ! ብርቱካን ነጠላዋን በትከሻዋ አጣፍታ፣ ማርከር ይዛ ሰሌዳው ጋ ቆማለች። ከፊት የተቀመጠውን ልጅ የጠዋቱን ጥያቄ ጠየቅኩት።

"ኧረ እትዬ፣ ምን የማይታይ አለ! ባጃጁ ሲያንገጫግጨን ነው የመጣነው፣ ወገቤ አለቀ" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። "አንተ፣ የት ነው ያደግከው?"

"ኮልፌ።"

"እና ከኮልፌ መጥተህ ሀርጌሳ ላይ አማርኛ ልትማር?"

ልጁ ዲኑን አየ። ዲኑ አማርኛ ስለማይችል ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ያማረለት መስሎታል። ሌሎቹንም ሰማሁ፤ አንዱ የአዳማ፣ አንዷ የጅግጅጋ። ጥፋት አይደለም፣ ለእንግዳ ከቤት ያለውን ጥሩ ዕቃ ማውጣት ነው እኛ ያደግንበት። እሱም ያወጣው ጥሩ ዕቃውን ነው። እኔ ግን ሂባቅ የቢሯችን በር ላይ ቆማ ታየችኝ።

ዲኑን በሶማሊኛ "ሌሎቹ ተማሪዎች የት አሉ?" አልኩት።

"ዛሬ ዕረፍት ናቸው ኤዶ።"

ወደ ሰሌዳው ዞሬ በአማርኛ "ብርቱካን፣ ያንቺዎቹ የት ናቸው?" አልኩ።

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። "ካዩዋቸው ይዘጉብኛል እትዬ" አለችኝ ቀስ ብላ። "እነሱ እንደነዚህ አይናገሩም። ይሳሳታሉ።"

"ካላየኋቸው ነው የሚዘጋብሽ! ነይ፣ አሳይኝ!"

ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። የኮልፌው ልጅ ደንግጦ ተነስቶ ቆመ፣ እሱን የተቆጣሁት መስሎት። ብርቱካን ማርከሩን አስቀምጣ ወጣች፣ እኔ ተከተልኳት፣ ዲኑ "ኤዶ፣ ሻይ እኮ እየመጣ ነው" እያለ ከኋላችን።

ከሕንጻው ጀርባ አዲስ ብሎክ እየተሠራ ነው። ፌሮው ተከምሯል፣ ሲሚንቶው ተደርድሯል። ሥራ ላይ ያሉት ከኢትዮጵያ የመጡ ግንበኞች ናቸው፣ ዕረፍት ወጥተው የብሎኬት ክምር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መሀላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ደብተር የያዙ፣ ሒጃብ ያደረጉ፣ በሳቅ የሚንፈራፈሩ። አንዲት ኢፍራህ የምትባል ልጅ ለአንዱ ግንበኛ ሻይ በብርጭቆ ዘርግታለታለች፣ እሱ እምቢ ብሏል።

"ለምን እምቢ አልክ? ሻይ ነው፣ ሥጋ የለም" ትለዋለች።

"ወተት አለበት። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው።"

"እኛ ጾም... እኛ ስንጾም ውሃም አንጠጣም። አንተ ሻይ ትጠጣለህ፣ ወተት ብቻ አይሆንም? ይሄ ቀላል ጾም ነው!"

"ቀላል? አንቺ እስኪ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ወተት ያለ ቅቤ ኑሪ!"

"ሁለት ወር?" ኢፍራህ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠችው። "ሁለት ወር ካለ... ከሆነ... ይቅርታ፣ ከባድ ነው። ለእናትህ ግን ትነግራለህ፣ ሶማሌ ልጅ ሻይ ሰጠኝ፣ እኔ ክፉ ነኝ፣ አልጠጣሁም።"

ግንበኞቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ትሳሳታለች፣ ራሷን ታርማለች፣ ትቀጥላለች፣ ትከራከራለች፣ ትቀልዳለች! የጠዋቱን ጥያቄ ጠየቅኳት።

"ዛሬ ጠዋት... ፍየል አየሁ። መንገድ መሀል ተኝታለች። የባጃጅ ሹፌሩ ጡሩምባ መታ፣ አይደለም፣ ነፋ። ፍየል አልተነሳም፣ አልተነሳችም። ሹፌሩ ወረደ፣ ፍየሏን ለመነ።"

"ለመናት? ለምን አላባረራትም?"

"ባለቤቷ እዚያ ቆሞ ያያል እኮ!"

ሳላውቀው በእጄ አገጬን እየዳበስኩ ነበር፤ ጢም የለኝም እንጂ።

ብርቱካን አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። እነዚህን ልጆች በየሳምንቱ ወደ ግንበኞቹ እያመጣች ሻይ ሰዓታቸው ላይ እንደምታስተምር፣ ለዲኑ ግን ነግራው እንደማታውቅ ነገረችኝ። "የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከቀን ሠራተኛ ጋር አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ ተማረ ሲባል አፍራለሁ ብዬ ነው" አለችኝ። "ዛሬ እንግዳ ይመጣልና አይታዩ ሲባል እዚህ ዋሉ አልኳቸው።" ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "እትዬ፣ ሦስት ዓመት የለፋሁት ነው።"

"አይዞሽ" አልኳት። ከዚያ በላይ ቃል አልገባሁላትም፤ ሪፖርቱ የእኔ ቢሆንም የሚወስነው ኮሚቴ ነው።

የዚያን ቀን ሪፖርት የመጨረሻዋን መስመር ነው መጀመሪያ የጻፍኩት። ይቀጥል አልኩ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ የታየኝ ክፍል እንዳይቆጠር፣ እውነተኛው ክፍል የት እንደተገኘ፣ ሁለተኛ መምህር እንደሚያስፈልግ፣ የግንበኞቹ ሰዓትም በፕሮግራሙ ላይ በግልጽ እንዲገባ ጻፍኩ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

"ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የግንባታ ቦታ?" አለ። ሰው ሳቀ።

ደሜ ፈላ። "ሳቁ" አልኳቸው። "ፈረንሳይኛውንም እንዲህ ቀለል አድርገን ነው የዘጋነው። የሚማሩት ልጆች እቤታቸው ተቀምጠው፣ እኛ የተዋሱ ልጆች አይተን ዘጋነው። አሁን ፈልጌ አገኘኋቸው፣ ሄዳችሁ ስሟቸው። ከሰማችኋቸው በኋላ ከዘጋችሁ እኔም አልናገርም።"

ያኔ ዲኑ ተነሳ። ይሄን አልጠበቅኩም። ፈገግታው ከፊቱ ጠፍቷል። "የደበቅኋቸው እኔ ነኝ" አለ። "እንግዳ ሲመጣ ጥሩውን ማቅረብ ነው የማውቀው። የኛ ልጆች ይህን ያህል መናገራቸውን እኔ ራሴ ያወቅኩት ኤዶ ዘሃራን ተከትዬ ስወጣ ነው። አማርኛ ባልሰማም ሰው ሲጫወት አውቃለሁ።" ወላሂ፣ እቅፍ ላደርገው ነበር የፈለግኩት።

ሄደን አይተን እንወስን ብለው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት አላለቁልኝም። ቢሮዬን እያራገፍኩ ስልኬን አያለሁ፤ ቤት እንጀራ ስቆርስ ስልኬን አያለሁ። ቢዘጋስ? ደግሞ እንደገና ሌላ ሂባቅ? በሶላቴ ሁሉ ለብርቱካን ዱዓ አደረግኩ።

መሳቢያዬን ባዶ እያደረግኩ ሳለ ብርቱካን ደወለች። ከጀርባዋ የአርማታ ማሽን ይጮኻል፣ የምትለው አይሰማም።

"እትዬ! እትዬ ዘሃራ! ይሰማዎታል?"

"ንገሪኝ ልጄ!"

"ቀጠለ! ይቀጥላል አሉ! መምህርም ይጨመርልሻል አሉኝ!" ታለቅሳለች። እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ደግሜ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ደረቴ ላይ ስንት ዘመን የተቀመጠ ድንጋይ ተነሳልኝ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ..."

"ተይ፣ ተይ። በይ አሁን አጫውቺኝ፣ እንዴት ነው የነገሩሽ? ማን ነው የነገረሽ?"

"ሌላ ጊዜ እትዬ፣ አሁን ልዝጋው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች እየተጣደፈች። "ልጆቹ ቀድመውኝ ወደ ግንበኞቹ ሄደዋል። ቶሎ ካልደረስኩ ስድብ ብቻ ነው የሚያስተምሩልኝ!"

"ሩጪ!" አልኳት። "ሩጪ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!"